ተማሪዎች ስለ ሮክ ኤንድ ሮል ጀማሪዎች የሚሠሩት ዲጂታል ትረካ፦ ስክሪፕት፣ ድምፅ፣ ፎቶና የቅጂ መብት

የ8ኛ_ክፍል_መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሰጥ የታሪክና የሚዲያ ክፍል አለን። እያንዳንዱ ተማሪ በ1950ዎቹ ከተነሡት የሮክ ኤንድ ሮል ሙዚቀኞች አንዱን መርጦ የ3 ደቂቃ ዲጂታል ትረካ ይሠራል፤ በራሱ ድምፅ የተተረከ፣ በፎቶና በሙዚቃ የታጀበ። ከፊሎቹ በእንግሊዝኛ ይተርካሉ፣ ከፊሎቹ ደግሞ አያቶቻቸው እንዲሰሙት በአማርኛ። ያለን ጥቂት የዊንዶውስ ላፕቶፕ፣ የልጆቹ ስልክና አንድ የዩኤስቢ ማይክ ነው።

አራት ነገር ላይ ምክራችሁን እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ ሁሉ «እገሌ በዚህ ዓመት ተወለደ፣ በዚህ ዓመት አረፈ» ሆኖ መጣ። የክፍሉ ድምፅ ያስተጋባል። ዘፈኖቹን መጠቀም ይፈቀድልን እንደሆነ አላወቅንም። የአማርኛው ጽሑፍ ደግሞ ቪዲዮው ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል።

ሸክላ_ሰብሳቢ

መምህርት፣ የመጀመሪያው ችግር የሚፈታው ስክሪፕት ሲጻፍ ሳይሆን ርዕስ ሲታደል ነው። ልጁን «ሊትል ሪቻርድ» ብለው ከሰጡት የሕይወት ታሪክ ይጽፋል፤ ሌላ ምን ያድርግ? «ሴፕቴምበር 14 ቀን 1955፣ ኒው ኦርሊንስ፣ ጄ ኤንድ ኤም ስቱዲዮ» ብለው ከሰጡት ግን ክፍሉ፣ ሰዎቹና የሚሮጠው ሰዓት ይታዩታል። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሸክላ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ክፍል ይስጡት።

የዚያ ቀን ነገር ለ3 ደቂቃ በቂ ነው። የስፔሻልቲ ኩባንያ ፕሮዲዩሰር ባምፕስ ብላክዌል በቀረጻው አልረካም። በእረፍት ዲው ድሮፕ ኢን ወደሚባለው ጭፈራ ቤት ሄዱ፤ ሪቻርድ እዚያ ፒያኖው ጋ ተቀምጦ «ቱቲ ፍሩቲ»ን ለቀቀው። ግጥሙ ለሬዲዮ የሚሆን ስላልነበር ዶሮቲ ላቦስትሪ የምትባል ወጣት ግጥም ጸሐፊ ተጠርታ ቃላቱን ቀየረችና በተረፈችው ጥቂት ደቂቃ ተቀዳ። ከበሮው ኧርል ፓልመር፣ ሳክስፎኑ ሊ አለን ነው። ብዙም ሳይቆይ ነጭ ዘፋኙ ፓት ቡን ያንኑ ዘፈን አለስልሶ ዘፈነውና በፖፕ ሰንጠረዡ ላይ ከባለቤቱ በላይ ወጣ። ልጁ መጠየቅ ያለበት እዚህ ጋ ነው፦ ለምን?

ፋትስ ዶሚኖም «ዘ ፋት ማን»ን የቀዳው እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ፣ ዲሴምበር 10 ቀን 1949 ነው። ስለዚህ ሁለት ተማሪዎች አንዱን ክፍል በስድስት ዓመት ልዩነት ሊተርኩት ይችላሉ። በጣም ያምራል።

ለሌሎቹ የምመርጥላቸው እነሆ። ቢግ ማማ ቶርንተን «ሃውንድ ዶግ»ን በኦገስት 1952 ሎስ አንጀለስ ቀዳች፤ በ1953 በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ ላይ ለ7 ሳምንት አንደኛ ሆነ፤ ኤልቪስ የዘፈነው ከዚያ በኋላ በ1956 ነው። አርተር ክሩደፕ «ዛትስ ኦል ራይት»ን በ1946 ቀዳ፤ ኤልቪስ ሜምፊስ ሰን ስቱዲዮ ውስጥ በጁላይ 5 ቀን 1954 ቀዳው። የቸክ ቤሪ «ሜይቤሊን» በሜይ 21 ቀን 1955 ቺካጎ፣ ቼስ በሚባለው የሸክላ ኩባንያ ተቀዳ፤ ሸክላው ሲወጣ ግን የሬዲዮ አቅራቢው አለን ፍሪድና ረስ ፍራቶ የሚባል ሰው የድርሰቱ ተካፋይ ተብለው ተጻፉ። ድርሰቱ የቤሪ ብቻ ሆኖ የተመዘገበው በ1986 ነው። «ሸክላው ላይ የማን ስም ተጻፈ፣ ገንዘቡስ ወደ ማን ኪስ ሄደ?» የሚለው ጥያቄ እነዚህን ታሪኮች ሁሉ ይከፍታል።

ስክሪፕት_አንባቢ

በሸክላ ሰብሳቢ ሐሳብ እስማማለሁ። ልኩን ልጨምር። በእንግሊዝኛ ለ3 ደቂቃ ከ350 እስከ 400 ቃል ይበቃል። የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ ከ240 እስከ 270 ካለፈ ልጁ መሮጥ ይጀምራል፤ ሲሮጥ ደግሞ ሙዚቃው መተንፈሻ ያጣል። የተወለደበትንና ያረፈበትን ዓመት በትረካው ውስጥ አይናገሩት፤ አስፈላጊ ከሆነ በመጨረሻው ጽሑፍ ላይ ይቀመጣል።

ወረቀቱን ለሁለት ዓምድ ይክፈሉት፤ በግራ የሚነገረው፣ በቀኝ የሚታየው። ሥዕሉ የሚያሳየውን ቃሉ ደግሞ የሚናገር ከሆነ አንዱ ይሰረዝ። «ጊታር ይዞ ቆሟል» የሚል ዓረፍተ ነገር ጊታር በያዘ ሰው ፎቶ ላይ ቦታ መሙላት ነው።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ልጁ ጮክ ብሎ ለጓደኛው ያንብብ፤ ጓደኛው ግራ የተጋባበት ቦታ ላይ እጁን ያንሣ። ከዚያ በፊት ላፕቶፕ ባይከፈት ይሻላል። ኤዲቲንግ የተጀመረበት ስክሪፕት አይታረምም፤ ልጆቹ የቆረጡትን ፎቶ መልቀቅ አይፈልጉም።

የ8ኛ_ክፍል_መምህርት

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ ርዕሶቹን እንደገና አከፋፍላለሁ። አንድ ጥያቄ፦ አንዷ ተማሪ «ሮኬት 88» የሚባለውን ዘፈን ይዛለች። ሲቀዳ ተጎድቶ ስለነበረው የጊታር ድምፅ ማጉያ (አምፕሊፋየር) ሁለት ድረ ገጽ ሁለት ዓይነት ታሪክ ሰጣት። የቱን ትያዝ?

ሸክላ_ሰብሳቢ

ሁለቱንም ትያዝ። በመጀመሪያ እርግጠኛውን ትለይ፦ በማርች 1951 ሜምፊስ፣ በሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ፣ የአይክ ተርነር ባንድ ቀዳው፤ ቼስ ሲያወጣው ግን በድምፃዊው በጃኪ ብሬንስተን ስም ነበር። የጊታሪስቱ የዊሊ ኪዛርት አምፕሊፋየር ስፒከር ተጎድቶ ነበር፤ ወረቀት ወትፈውበት ቀዱ፤ ያ የሚያጉረመርም ድምፅ የመጣው ከዚያ ነው። እስከዚህ ድረስ ይስማማሉ። አንደኛው ወገን ከመኪና ላይ ወደቀ ይላል፣ ሌላው ዝናብ መታው። ተማሪዋ «አንዳንዶቹ ወደቀ ይላሉ፣ አንዳንዶቹ ዝናብ ነው፤ የተቀዳው ድምፅ ግን ይኸው» ብላ ጊታሩን 8 ሰከንድ ታሰማ። ከዚህ የተሻለ ቦታ ለሙዚቃ አታገኝም።

«የመጀመሪያው የሮክ ኤንድ ሮል ዘፈን» የሚለውን ግን ትተወው። ለ«ሮኬት 88»ም፣ ለ«ዘ ፋት ማን»ም፣ የወንጌል ዘማሪዋና ጊታሪስቷ ሲስተር ሮዜታ ታርፕ በ1944 ለቀዳችውም ዘፈን ይባላል። የሚፈርድ ዳኛ የለም።

ድምፅ_ክፍል

ወደ ማስተጋባቱ። ግድግዳው የመለሰው ድምፅ ከቃሉ ጋር አብሮ ተቀድቷል፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውም ነፃ ሶፍትዌር በንጽሕና አይለየውም። ስለዚህ ቀረጻው ከክፍሉ ይውጣ። ምንጣፍና መጽሐፍ ያለበት ጠባብ ክፍል፣ ካልተገኘ ካፖርት የተሰቀለበት ቁም ሳጥን፣ ካልሆነም ከልጁ ፊትና ጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ። ከጠረጴዛው የሚመለሰው ድምፅ ይረሳልና እሱም ላይ ፎጣ ይነጠፍ።

ማይኩ ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ በአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን። ፐ፣ ጰ እና ጠ ማይኩን ሲመቱት የሚሰማው «ቡፍ» የሚቀንሰው በዚህ ነው። ድምፁ ሲጎላ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል መሀል ይድረስ፤ 0 ከነካ ተቆርጧል፣ አይመለስም። ስልክ ከሆነ የአውሮፕላን ሞድ ላይ ይደረግ።

ልጁ ከመናገሩ በፊት 10 ሰከንድ ዝም ይበል። ያ ዝምታ ለሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ኦዳሲቲ (ነፃው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም) የክፍሉን ጩኸት የሚማረው ከእሱ ነው፤ ዓረፍተ ነገር ሲቆረጥ ክፍተቱ የሚሞላውም በእሱ ነው። ክፍተቱን በባዶ ከሞሉት አድማጩ ድምፁ የተቋረጠ ይመስለዋል። የጩኸት መቀነሻውን 12 ዴሲቤል ላይ ይተዉት፤ 20 እና ከዚያ በላይ ሲደረግ ድምፁ ብረት ብረት ይላል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ይቁረጡ።

ሲሳሳት አያቁም። አንዴ ያጨብጭብና ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ይድገም፤ ጭብጨባው በሞገዱ ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚታይ ስሕተቱን ፍለጋ ሁሉንም መስማት አያስፈልግም።

በስልክ የተቀዳ ኤም4ኤ ፋይል ኦዳሲቲ ላይ አልከፈት ካለ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ተጨማሪ አልተጫነም ማለት ነው። ሁሉንም ወደ ዋቭ፣ 48,000 ኸርዝ ይለውጡ። ሙዚቃው ከትረካው ሥር ሲገባ ከድምፁ በ18 ዴሲቤል ግድም ይውረድ፤ ግጥም ያለው ዘፈን ከሆነ ግን ዝቅ ማድረጉ አይበቃም። ሁለት ሰው አብሮ ሲናገር ጆሮ ሁለቱንም ያጣል። የሊትል ሪቻርድ ድምፅ ሲገባ ልጁ ዝም ይበል።

አባት_ከቨርጂኒያ

ስለ ዘፈኑ፦ ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ነፃ ነው ሲባል ነው የምሰማው። ልጄም መምህሩ እንደዚያ እንዳሉት ነገረኝ።

ቤተ_መጻሕፍት

አባታችን፣ እንደዚያ የሚል ሕግ የለም። በአሜሪካ ሕግ የሚታየው አራት ነገር ነው፦ አጠቃቀሙ ለምን ዓላማ ነው፣ ሥራው ምን ዓይነት ነው፣ ምን ያህሉ ተወሰደ፣ የባለቤቱን ገበያ ይጎዳል ወይ። ልጁ ስለ ጊታሩ እየተናገረ 8 ሰከንድ ማሰማቱ ጠንካራ መከራከሪያ አለው። ያንኑ ዘፈን ለማሳመሪያ ሦስት ደቂቃ ከሥር ማስኬድ የለውም።

ዘፈኖቹ አርጅተዋል ብሎ መገመትም አያዋጣም። በ2018 በወጣው ሕግ መሠረት ከ1947 እስከ 1956 የታተመ ቀረጻ ለ110 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ በ1955 የወጣው የ«ቱቲ ፍሩቲ» ቀረጻ አሜሪካ ውስጥ ነፃ የሚሆነው በ2066 መባቻ ነው። ከ1957 ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ 1972 የወጣው ደግሞ በ2067። ከቀረጻው ሌላ ድርሰቱ የራሱ መብት አለው፤ ሁለቱን ለይታችሁ ያዙ።

ክፍል ውስጥ ማሳየትና ዩቲዩብ ላይ መጫንም ይለያያሉ። ሲጫን ማሽኑ ዘፈኑን ያውቀዋል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ክሌም (የባለመብትነት ጥያቄ) ነው፤ የማስታወቂያው ገቢ ለባለመብቱ ይሄዳል ወይም ቪዲዮው በአንዳንድ አገር ይዘጋል። ስትራይክ (በቻናሉ ላይ የሚመዘገብ የጥፋት ማስጠንቀቂያ) ሌላ ነው፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከደረሰ ቻናሉ ይጠፋል። የሚሻለው ሁለት ቅጂ ማውጣት ነው፦ ለክፍል ከአጭር ቅንጫቢ ጋር፣ ለኢንተርኔት ልጆቹ ራሳቸው ከተጫወቱት ሙዚቃ ጋር።

ከፍራንክፈርት

ለአውሮፓ አንባቢዎች፦ እዚህ ከ1963 በፊት የታተመ ቀረጻ ጥበቃው አብቅቷል። ድርሰቱ ግን ደራሲው ካረፈ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። ቸክ ቤሪ ያረፈው በ2017 ስለሆነ ቀረጻው ነፃ ነው ተብሎ ዘፈኑ ነፃ አይሆንም።

ባስ_ጊታር

ቤተ መጻሕፍት ያሉት «ራሳቸው የተጫወቱት» ቀላል ነው፤ አይፍሩት። የዘመኑ አብዛኛው ዘፈን በ12 ባር ብሉዝ (አንድ ባር አራት ምት ነው) ላይ የቆመ ነው፤ ቅርጹን ደግሞ ማንም በባለቤትነት አልያዘውም። በኤ ቁልፍ (ኤ፣ ዲ እና ኢ የኮርድ ስሞች ናቸው)፦ አራት ባር ኤ፤ ሁለት ባር ዲ፣ ሁለት ባር ኤ፤ አንድ ባር ኢ፣ አንድ ባር ዲ፣ አንድ ባር ኤ፣ አንድ ባር ኢ። በደቂቃ 160 ምት ከሆነ አንድ ዙር 18 ሰከንድ ነው፤ አሥር ዙር ልክ 3 ደቂቃ ይሆናል። ለትረካ ግን 160 ያጣድፋል። 120 ላይ 24 ሰከንድ ይሆናል፣ ድምፁም ቦታ ያገኛል።

አንድ ልጅ ባሱን በኪቦርድ፣ አንድ ልጅ በጠረጴዛ ላይ ሁለተኛውንና አራተኛውን ምት ይምታ። የታወቀ ዘፈን መግቢያ ግን አይቅዱ። የቸክ ቤሪን የ«ጆኒ ቢ. ጉድ» መግቢያ ኖታ በኖታ ከተጫወቱት ድርሰቱን ነው የነኩት።

ፎቶ_መርማሪ

ስለ ፎቶ ማንም አላነሣም፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ልጆች ፍለጋው መጀመሪያ ያመጣላቸውን ፎቶ ይወስዳሉ። በ1954 ሰን ስቱዲዮ ስለገባው የ19 ዓመት ኤልቪስ እየተረኩ የሚያሳዩት በ1970ዎቹ ነጭ ልብስ የለበሰውን ነው። ተመልካቹ ትረካውን ማመን የሚተወው እዚያ ላይ ነው።

መሣሪያው ዓመቱን ይናገራል። ጊብሰን ኢኤስ-335 የሚባለው ጊታር የወጣው በ1958 ነው፤ ቸክ ቤሪ እሱን ይዞ ከታየ ፎቶው የ«ሜይቤሊን» ቀን አይደለም። የሲስተር ሮዜታ ታርፕ ባለ ሁለት ቀንድ ነጭ ጊብሰን በዚያ ቅርጽ የወጣው በ1961 ነው፤ በ1940ዎቹ ትረካ ላይ ከገባ ሃያ ዓመት ያዛባል። ለ1964ቱ የማንችስተር (እንግሊዝ) ኮንሰርት ግን ትክክለኛው እሱ ነው። ግራናዳ ቴሌቪዥን የተዘጋውን የዊልብራሃም ሮድ ባቡር ጣቢያ የደቡብ አሜሪካ ግዛት ጣቢያ አስመስሎ አሳምሮት፣ ዝናብ እየዘነበ የዘፈነችበት ነው። እሷን ለያዘች ተማሪ ሌላ መግቢያም አለ፦ በ1973 አረፈች፣ መቃብሯ ላይ የስም ድንጋይ የቆመው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፣ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ የገባችው በ2018። እዚህ ከተነሡት ታሪኮች ሁሉ ይሄ ለወጣት ተራኪ የሚከብድም የሚጠቅምም ነው።

ነፃ ፎቶ ከፈለጉ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይግቡ። ማሪዮን ፖስት ዎልኮት በ1939 ለመንግሥት ያነሣቻቸው የሜምፊስ ቢል ጎዳናና የክላርክስዴል ጭፈራ ቤት ፎቶዎች ያለ ክፍያ ይወርዳሉ። ዘመኑ ቀደም ያለ ነው፤ «ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ» ተብሎ ይጻፍበት።

ሁልጊዜ ትልቁን ፋይል ያውርዱ። ቪዲዮው 1920 በ1080 ፒክስል ከሆነ፣ ፎቶውን ወደ ግማሹ ለማስጠጋት ስፋቱ 3840 መሆን አለበት፤ ያነሰ ከሆነ ፊቱ ይደበዝዛል። የሸክላውን ወረቀት ስካን ሲያደርጉ 600 ዲፒአይ። ማስጠጋቱ በ6 ሰከንድ ከ100 ወደ 110 በመቶ ይበቃል፤ ሁሉም ፎቶ ከተንቀሳቀሰ ተመልካቹ ይደክማል። በኤአይ ቀለም የተቀባ ፎቶ አይግባ። ማሽኑ የጃኬቱን ቀለም ይገምታል እንጂ አያውቅም።

የ8ኛ_ክፍል_መምህርት

የጊታሩን ነገር ነገ ለልጆቹ እንደ ሥራ እሰጣቸዋለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። የአማርኛውን ሳጥን የሚያውቅ አለ?

ፊደል_ቀራጭ

ሳጥኑ የሚመጣው የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ይጫኑ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ሾትካትን (የቪዲዮ ማረሚያውን ፕሮግራም) ዘግተው ይክፈቱና በጽሑፍ ማጣሪያው ላይ ፎንቱን በስሙ ይምረጡ። ፎንቱ በሁሉም ላፕቶፕ ላይ ይጫን፤ አንዱ ላይ የተሠራ ሌላው ላይ ሲከፈት ሳጥኑ ይመለሳል። የኤስአርቲ (የቪዲዮ ግርጌ ጽሑፍ) ፋይል ከሆነ ኖትፓድ ላይ ሲያስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ይምረጡ።

ፊደላችን ሰፊ ስለሆነ በአንድ መስመር ከ28 ፊደል አይለፍ፣ ከሁለት መስመርም አይብለጥ። ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ደግሞ ሥዕል መቀየሪያውን እዚያ ላይ ያድርጉት። በእንግሊዝኛው ስክሪፕት የተሰላውን የፎቶ ሰዓት ለአማርኛው ሲጠቀሙ ፎቶው ነገሩ ሳይነገር ያልፋል።

የዘመን አቆጣጠሩንም ከመጀመሪያው ይወስኑ። ወደ እኛ ሲለወጥ ሁልጊዜ ስምንት አይቀነስም። «ሜይቤሊን» የተቀዳው ግንቦት 13 ቀን 1947 ዓ.ም. ነው፣ «ቱቲ ፍሩቲ» ደግሞ መስከረም 3 ቀን 1948 ዓ.ም.፤ በእነሱ ግን ሁለቱም 1955። በአንድ ትረካ ውስጥ ሁለቱ ከተቀላቀሉ አያቶች ግራ ይጋባሉ። እኔ በትረካው የእነሱን ይዞ «እ.ኤ.አ.» ማለትን፣ የእኛን ደግሞ በጽሑፍ ከሥር ማሳየትን እመርጣለሁ።

አባት_ከቨርጂኒያ

ልጄ ዓለማየሁ እሸቴን ማስገባት ትፈልጋለች። «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» ይባል የለም? ከርዕሱ ይወጣል?

ሸክላ_ሰብሳቢ

አይወጣም፣ ግን በትክክለኛ ቦታው ይግባ። ዓለማየሁ ዘፈን መቅዳት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስለሆነ ከጀማሪዎቹ ጋር አይቆጠርም። ለልጅቷ የሚሆናት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከሜምፊስ የተነሣ ዘፈን እንዴት አዲስ አበባ ደረሰ? ከመንገዶቹ አንዱ አሥመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ ነው። ከዚያ ዓለማየሁ ጋ ትድረስ፤ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር ይዘፍን የነበረው፣ በ2021 ያረፈው። ሸክላዎቹ ባለቤት አላቸውና የቤተ መጻሕፍት ምክር እዚህም ይሠራል። ቤት ውስጥ ሬዲዮውን የሚያስታውስ ሽማግሌ ካለ ድምፃቸውን ትቅዳ፤ ያንን የትም አታወርደውም።

ድምፅ_ክፍል

ከመጫኑ በፊት አንድ ነገር፤ ብዙ ሥራ የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው። የሾትካት ፕሮጀክት ፋይል ፎቶውንና ድምፁን በውስጡ አይዝም፤ የተቀመጡበትን ቦታ ብቻ ያስታውሳል። ልጁ ፎቶዎቹን ከዳውንሎድ ፎልደር ካንቀሳቀሰ ወይም ፕሮጀክቱን ብቻ በፍላሽ ከወሰደ ሲከፈት ባዶ ነው። ከመጀመሪያው ቀን አንድ ፎልደር፣ በውስጡ «ድምፅ»፣ «ፎቶ»፣ «ሙዚቃ»፤ የሚወሰደውም ፎልደሩ ከነሙሉው። የፎልደሩ ስም በአማርኛ መሆኑ አንዳንድ ፕሮግራም ላይ ችግር ስለሚያመጣ በላቲን ፊደል ያለ ክፍት ቦታ ይጻፍ።

ሲወጣ ኤምፒ4፣ ኤች.264፣ 1080፣ በሰከንድ 30 ፍሬም፣ 8 ሜጋቢት። 3 ደቂቃው 180 ሜጋባይት ግድም ይሆናል። የድምፁ መጠን -16 ሉፍስ (የአጠቃላይ ድምፅ ጉላት መለኪያ) አካባቢ ይሁን። ከዚያ በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን በስልክ ስፒከር ይሰማ፤ አያቶቹ የሚሰሙት በእሱ ነው። ባሱ ቢጠፋም ቃሉ ሁሉ መሰማት አለበት፤ ካልተሰማ ሙዚቃውን ሌላ 3 ዴሲቤል ያውርዱት።